የውጭ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ በአገር ውስጥ ኮሌጅ፦ አሠራሩና ሊጤኑ የሚገባቸው ጉዳዮች

ከሥራ ገበታ ሳይለዩና ከቤተሰብ ሳይርቁ ዝናን ካተረፈ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ማግኘት የብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ፍላጎት ነው። ይህን ፍላጎት ለማሟላት ከተዘረጉት መንገዶች አንዱ የውጭው ዩኒቨርሲቲ በአገር ውስጥ ከሚገኝ ኮሌጅ ጋር በመተባበር ትምህርቱን መስጠቱ ነው። ሆኖም ኃላፊነቱ በሁለት ተቋማት መካከል የተከፋፈለ በመሆኑ የትኛው ተቋም ምን እንደሚያከናውን ሳይረዳ የሚመዘገብ ሰው፣ ገንዘቡንና ጊዜውን ከፍሎ ተቀባይነት የሌለው ማስረጃ ይዞ ሊቀር ይችላል።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1836 የተቋቋመው የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1858 ባገኘው ቻርተር መሠረት በየትኛውም ሥፍራ ያጠኑ ሰዎች ለዲግሪ ፈተናው እንዲቀርቡ ፈቅዷል። በ1865ም ፈተናውን ከብሪታንያ ውጭ በሞሪሺየስ መስጠት ጀምሯል። የአሠራሩ መሠረተ ሐሳብ ማስተማርንና መፈተንን መለየት ነው። ተማሪው የትም ይማር፣ የዲግሪውን ደረጃ የሚያስጠብቀው ፈተናውን የሚያዘጋጀውና የሚያርመው ዩኒቨርሲቲ ነው።

በአፍሪካም ይኸው አሠራር ጉልህ ድርሻ ነበረው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኢባዳን፣ በሌጎን፣ በካርቱምና በማካሬሬ የነበሩ ኮሌጆች ተማሪዎቻቸውን ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያዘጋጁ ነበር። የካርቱሙ እ.ኤ.አ በ1956፣ የሌጎኑ በ1961፣ የኢባዳኑ ደግሞ በ1962 ራሳቸውን ችለው በስማቸው ዲግሪ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ሆነዋል። ይህም ትብብሩ በአግባቡ ሲመራ የአገር ውስጡን ተቋም አቅም የሚገነባ መሆኑን ያሳያል።

በአሁኑ ጊዜ ትብብሩ በአመዛኙ ሦስት መልክ አለው። የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲው ሥርዓተ ትምህርቱን፣ የጥናት ጽሑፉንና ፈተናውን አዘጋጅቶ፣ ኮሌጁ የማስተማር ድጋፍ ብቻ የሚሰጥበት ነው። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲው በራሱ ግቢ የሚሰጠውን ትምህርት ኮሌጁ በውክልና የሚያስተምርበት ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው የመምህራኑን ብቃትና የውጤት አሰጣጡን ይቆጣጠራል። ሦስተኛው ኮሌጁ ራሱ የቀረጸውን ሥርዓተ ትምህርት ዩኒቨርሲቲው መርምሮ በማጽደቅ ዲግሪውን በስሙ የሚሰጥበት ነው። በሦስቱም ዲግሪውን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው እንጂ ኮሌጁ አይደለም።

ዲግሪው በማን ስም እንደሚሰጥ በትክክል ማወቅም አስፈላጊ ነው። ለምሳሌ በለንደን ዩኒቨርሲቲ የርቀት መርሐ ግብር የሚሰጡትን የኢኮኖሚክስ፣ የማኔጅመንትና የፋይናንስ ትምህርቶች በአካዳሚያዊ ይዘት የሚመራው የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ነው። ዲግሪው የሚሰጠው ግን በለንደን ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። በማስታወቂያ ላይ የሚጎላውና በምስክር ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ስም ሊለያይ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወጪውም እንዲሁ በሁለት የተከፈለ ነው። ተማሪው የምዝገባና የፈተና ክፍያውን ለዩኒቨርሲቲው፣ የማስተማሪያ ክፍያውን ደግሞ ለኮሌጁ የሚፈጽምበት ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል በመሆኑ የምንዛሪ ለውጥ ሲኖር ወጪው ከታሰበው በላይ ሊንር ይችላል። ስለዚህ ተመዝጋቢው የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ሳይሆን እስከ ምረቃ ያለውን ጠቅላላ ወጪ አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል።

በኢትዮጵያም ከሥራ ሳይለዩ የውጭ ዲግሪ ማግኘት የቆየ ነው። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በሥራ ላይ እያሉ በርቀት ተምረው እ.ኤ.አ በ1995 ከብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በቢዝነስ አስተዳደር የማስተርስ ዲግሪ አግኝተዋል። የሕንዱ ኢንዲራ ጋንዲ ብሔራዊ ኦፕን ዩኒቨርሲቲም ከቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጋር በመተባበር የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሰጥቷል።

በአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን ዕውቅና መስጠትና የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃዎችን አቻ ግምት መወሰን በ1995 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ለተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ የተሰጠ ሥልጣን ነበር። ዛሬ ይህን ተግባር የሚያከናውነው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። በመሆኑም ምዝገባ ከመፈጸሙ በፊት የሚከተሉትን ማረጋገጥ ተገቢ ይሆናል።

አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲው በገዛ አገሩ ዲግሪ የመስጠት ሕጋዊ ሥልጣን ያለው መሆኑን፤ ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ኮሌጁን በአጋርነት የሚያውቀው መሆኑን ከኮሌጁ ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው መጠየቅ፤ ሦስተኛ፣ ኮሌጁ ለዚሁ መርሐ ግብር ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ያለው መሆኑን፤ አራተኛ፣ ትብብሩ ቢቋረጥ የተመዘገቡ ተማሪዎች ትምህርታቸውን የሚጨርሱበት ሁኔታ በውል የተረጋገጠ መሆኑን ማየት ነው።

የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊዎችም የዕድገትና የደረጃ ጥያቄ ሲቀርብላቸው በዩኒቨርሲቲው ዝና ብቻ ሳይመሩ፣ የአቻ ግምት ማስረጃውን መመልከትና የዲግሪውን ትክክለኛነት ከሰጪው ተቋም ማጣራት ይጠበቅባቸዋል። ያልተጣራ ማስረጃ ተቀባይነት ሲያገኝ ዕድገቱ የሚገባው ሠራተኛ ቦታውን ያጣል። በአንጻሩ ለዓመታት ከሥራ በኋላ አምሽቶ አጥንቶ ጥብቅ ፈተና ያለፈ ሠራተኛ፣ ዲግሪውን በአገሩ ሆኖ በመማሩ ብቻ በጥርጣሬ ዓይን እንዲታይ ማድረግም ፍትሐዊ አይሆንም። ሁለቱንም ስሕተቶች የሚያስቀረው ማስረጃውን በጊዜው ማጣራት ነው።