ማጭድና መዶሻ ስንት ቁጥር ነው?

ለመሆኑ ኮምፒዩተር መስቀልን ከጨረቃ ይለያል? ቀይ ኮከብ ሲያይስ ፖለቲካ ትዝ ይለዋል? አይለውም። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። እኛ «ሀ» ብለን ስንጽፍ እሱ 4608 ብሎ ይመዘግባል። ማጭድና መዶሻ ስናስገባ 9773፣ ጨረቃና ኮከብ ስናስገባ 9770 ብሎ ያስቀምጣል። ከዚያ ውጭ የሚያውቀው ነገር የለም። ጸሎቱም ጠቡም ያለው እኛ ዘንድ ነው።

ታዲያ እነዚህን ቁጥሮች ማን ሰጣቸው? ለአንዱ ምልክት ቁጥር ተሰጥቶ ለሌላው ሳይሰጥ ሲቀርስ ምን ማለት ነው? ነገሩ የኮምፒዩተር ተማሪዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል እንጂ፣ ጽሑፍ እንጀራችን የሚሆነውን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችንም ይመለከታል።

ሠንጠረዡ

ሠንጠረዡ ዩኒኮድ ይባላል። የዓለም ፊደላትና ምልክቶች አንድ በአንድ ቁጥር የተሰጣቸው ትልቅ መዝገብ ነው። ሥራውን የሚመራው ዩኒኮድ ኮንሶርቲየም የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን፣ የተቋቋመው በአሜሪካ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። የሠንጠረዡ የመጀመሪያ እትምም በዚያው ዓመት ወጣ። ዛሬ ከ150 ሺህ በላይ ፊደላትና ምልክቶች አሉበት።

ጥቅሙን ለመረዳት የራሳችንን ፊደል ታሪክ ማየት ይበቃል። የግዕዝ ፊደል ሠንጠረዡ ውስጥ የገባው በሦስተኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሎቻችንን ለእንግሊዝኛ በተሰጡ ቁጥሮች ላይ በየራሱ መንገድ ይደለድል ነበር። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ዜና በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ጽሑፉ ጠፍቶ አይደለም፤ ቁጥሮቹ ስላልተስማሙ ነው። የጋራ ቁጥር ያለው ፊደል ግን ይፈለጋል፣ ይገለበጣል፣ በስልክ ይላካል፣ ከብዙ ዓመት በኋላም ይነበባል። ቁጥር የሌለው ምልክት በኮምፒዩተር ዘንድ ሥዕል ነው፤ ጽሑፍ አይደለም።

የሃይማኖትና የፖለቲካ ሰፈር

በሠንጠረዡ ውስጥ የሃይማኖትና የፖለቲካ ምልክቶች ተጠጋግተው የሚኖሩበት አንድ ሰፈር አለ። የኦርቶዶክስ መስቀል 9766 ላይ ነው። ጨረቃና ኮከብ 9770፣ ማጭድና መዶሻ 9773፣ የሰላም ምልክት 9774፣ የቻይናዎቹ ዪንና ያንግ 9775 ላይ ናቸው። በእውኑ ዓለም አንድ አደባባይ ላይ ቢገናኙ ፖሊስ የሚያስጠሩ ምልክቶች እዚህ በሰላም ተጎራብተዋል።

የማጭድና መዶሻው ነገር በተለይ ይገርማል። የሠንጠረዡ የመጀመሪያ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1991 ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አዲስ አበባ ላይ ደርግ ወድቆ የሌኒን ሐውልት ተነሥቷል። በዲሴምበር ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ራሷ ፈረሰች። ምልክቱ ከአደባባይ በወረደበት ዓመት ኮምፒዩተር ውስጥ ቋሚ ቦታ አገኘ ማለት ነው። ያውም የማይነጠቅ ቦታ! በዩኒኮድ ደንብ አንድ ጊዜ የገባ ምልክት ከቶ አይወጣም። ቢወጣ በእሱ የተጻፈው የቆየ ጽሑፍ ሁሉ ይበላሻላ።

ይህ ቦታ ድጋፍ አይደለም። ሠንጠረዡ «ይህ ምልክት ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል» ይላል እንጂ «ጥሩ ነው» አይልም። ስለ ኮሚኒዝም ታሪክ የሚጽፍ ተመራማሪ ምልክቱን ይፈልገዋል፤ ኮሚኒዝምን የሚቃወመውም ለተቃውሞው ይፈልገዋል። መፍቀድና መከልከል የየአገሩ ሕግ ሥራ ነው። ለምሳሌ ሃንጋሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ስዋስቲካን፣ ማጭድና መዶሻን፣ ቀይ ኮከብንም በአደባባይ ማሳየትን በወንጀል ሕጓ ከለከለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት፣ ቀይ ኮከብ ልብሱ ላይ አድርጎ ሰልፍ የወጣን አንድ ፖለቲከኛ መቅጣቷ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይጥሳል ሲል ፈረደባት። ይህ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ የምልክቱ ቁጥር ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ስሙም አይቀየርም

ከቁጥሩ ሌላ እያንዳንዱ ምልክት ስም ይሰጠዋል። ስሙም እንደ ቁጥሩ አይቀየርም። እዚህ ላይ ነው የሰው እጅ ወለል ብሎ የሚታየው።

9771 ላይ ያለው ምልክት የኢራን እስላማዊ ሪፐብሊክ እ.ኤ.አ. በ1980 የመረጠችው፣ «አላህ» የሚለውን ቃል በጥበብ የሚያሳየው የመንግሥት ዓርማ ነው። በመጀመሪያው እትም «የኢራን ምልክት» ተብሎ ነበር። በኋላ ግን «የፋርሲ ምልክት» ሆነ። ፋርሲ የቋንቋ ስም ነው፤ ዓርማው ደግሞ የመንግሥት ነው። ቋንቋውን የሚናገር፣ መንግሥቱን ግን የሚቃወም ሰው ስንት አለ! ሆኖም ስሙ እንደዚያ ሆኖ ቀርቷል። 9772 ላይ ያለው የሲክ እምነት ምልክትም ምእመናኑ ኻንዳ ይሉታል፤ በሠንጠረዡ የተመዘገበው ግን «አዲ ሻክቲ» ተብሎ ነው። እንዲህ ሲሆን አዘጋጆቹ አጠገቡ ማብራሪያ ይጽፋሉ እንጂ ስሙን አይፍቁም።

አንድ ቅርጽ፣ ሁለት ትርጉም

ከሁሉ የሚከብደው የስዋስቲካ ጉዳይ ነው። አብዛኞቻችን ስናየው ሂትለር ይመጣብናል። ለቡዲስቶችና ለሂንዱዎች ግን ከናዚ በፊት ብዙ መቶ ዓመታት የኖረ የበረከት ምልክት ነው። እኛም አገር የላሊበላው ቤተ ማርያም መስኮቶች ላይ የተፈለፈለ ይህን የመሰለ ቅርጽ አለ። ጠርቡን የጠረቡት ሰዎች ናዚን ከየት ያውቁታል?

በዩኒኮድ ምልክቱ የገባው በቻይንኛ ፊደላት መካከል ነው፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞሩት ሁለቱ ቅርጾች 21325 እና 21328 ቁጥር ላይ ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በቲቤት ጽሕፈት ክፍል ውስጥ ተጨማሪ ቅርጾች ገቡ። ቁጥር ማግኘቱ ግን ጭቅጭቁን አላስቀረም። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ማይክሮሶፍት ከኦፊስ ፕሮግራሙ ጋር ባወጣው አንድ ፎንት ውስጥ ስዋስቲካ በመገኘቱ ይቅርታ ጠይቆ ማስወገጃ አቅርቧል፤ ፎንቱ ከጃፓን ፎንቶች የተወሰደ ነበር። ጃፓንም ካርታዎቿ ላይ ቤተ መቅደስን የምታመለክተው በዚሁ ምልክት ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የካርታ መሥሪያ ቤቷ ለውጭ አገር ሰዎች በሚዘጋጁ ካርታዎች ላይ በፓጎዳ ሥዕል እንዲተካ ሐሳብ አቅርቧል።

እንግዲህ ቁጥሩ ቅርጹን ይይዛል እንጂ ትርጉሙን አይይዝም። ትርጉሙን የሚሰጠው የጻፈው ሰው፣ የተጻፈበት ቦታና ያነበበው ሰው ነው። የዜና ሰው «ስዋስቲካ ተገኘ» ብሎ ከመጻፉ በፊት የት፣ በማን፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ባንዲራን የሸሸው ድርጅት

የትኛው አገር፣ አገር ነው? ይህን ጥያቄ ዩኒኮድ ሊመልሰው አልፈለገም። የጃፓን ሞባይሎች ይጠቀሙባቸው የነበሩት ኢሞጂዎች ወደ ሠንጠረዡ ሲገቡ አብረው የመጡት የአሥር አገሮች ባንዲራዎች ብቻ ነበሩ። አሥሩ ገብተው ሌላው ዓለም ደጅ ሊቀር ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2010 ብልጠት የተሞላበት መፍትሔ ተገኘ። ባንዲራ በማስገባት ፋንታ የ26ቱን የእንግሊዝኛ ፊደላት ልዩ ቅጂዎች አስገቡ። የአገር መለያ የሆኑት ሁለት ፊደላት ጎን ለጎን ሲጻፉ ስልኩ ራሱ ባንዲራውን ይሥላል። ለኢትዮጵያ «ኢ» እና «ቲ» ናቸው። የትኞቹ ጥንዶች አገር እንደሆኑ የሚወስነው ሌላ ዓለም አቀፍ የደረጃ ዝርዝር ነው፤ ሥዕሉን የሚሥለው ደግሞ የስልኩ ወይም የፕሮግራሙ አምራች ነው።

ውሳኔው ከዩኒኮድ ሸሸ እንጂ አልጠፋም። ወደ ኩባንያዎቹ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2019 አፕል በሆንግ ኮንግና በማካው ስልኮች የታይዋንን ባንዲራ ከመጻፊያው ገበታ ላይ ሰወረ። ቁጥሮቹ እዚያው አሉ፤ ሥዕሉ የጠፋው ከገበታው ላይ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ደግሞ ስልካችን የሚሥለው ባለ ሰማያዊ ክብና ባለ ኮከብ ዓርማ የሆነውን ሰንደቅ ዓላማ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሰንደቅ ዓላማ አዋጅም ዓርማ የሌለበትን መጠቀም ከልክሏል። ኮከቡን የማይፈልጉት ሰዎች ታዲያ ምን ያደርጋሉ? አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ልብ አከታትለው ይጽፋሉ። አገር ቤትም ዋሽንግተንም ያለው ሰው ያደርገዋል። ሦስት ልብ የሚጽፍ ሁሉ ፖለቲካ እያወራ ነው ማለት አይደለም፤ ኳስ ደጋፊም ሊሆን ይችላል። ሰው ግን የሚፈልገው ምልክት ሠንጠረዡ ውስጥ ሲያጣ ከሌላ ነገር እንደሚሠራው ያሳየናል።

የእኛስ ምልክቶች?

የኢትዮጵያ ሃይማኖታዊ ምልክት በዩኒኮድ የለም ብላችሁ እንዳትደመድሙ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከ5008 እስከ 5017 ባለው ቦታ አሥር የዜማ ምልክቶች ገብተዋል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደትና ቁርጥ። ዜማው ከቅዱስ ያሬድ ጋር ይያያዛል፤ ምልክቶቹን በሥርዓት ያደራጁት ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። ለዘመናት በብራና ላይ የኖረው የሊቃውንት ጽሕፈት ዛሬ ቁጥር አለው።

ግን አንድ ጎዶሎ አለ። ደብተራው ምልክቱን የሚጽፈው ከቃሉ በላይ፣ በፊደሉ አናት ላይ ነው። በሠንጠረዡ የገቡት ግን እንደ ራሳቸውን የቻሉ ምልክቶች ስለሆኑ በተራ አጻጻፍ ከፊደሉ ጎን ይቀመጣሉ እንጂ ከላዩ አይወጡም። ወደ ቦታቸው ለመመለስ የተለየ የገጽ አቀማመጥ ሥራ ይጠይቃል። ገብቷል ማለት ሁሉም ነገር አልቋል ማለት አይደለም።

የላሊበላው፣ የአክሱሙ ወይም የጎንደሩ መስቀል ደግሞ የራሱ ቁጥር የለውም። ይህን ሰምቶ «ናቁን» ማለት ይቀላል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ዩኒኮድ የሚጠይቀው «ምልክቱ ውብ ነው ወይ? ቅዱስ ነው ወይ?» ብሎ አይደለም። «በጽሑፍ መካከል እንደ ፊደል ሲያገለግል አሳዩን» ነው የሚለው። በነሐስ፣ በእንጨትና በጥልፍ ላይ ያለ መስቀል በዚህ መለኪያ ጥበብ ነው እንጂ ጽሑፍ አይደለም። በሌላ በኩል «ቢስሚላህ» የሚጀምረው ሙሉው የዐረብኛ ሐረግ እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳለ በአንድ ቁጥር፣ በ65021፣ ገብቷል፤ በጽሑፍ አናት ላይ እንደ አንድ ምልክት ሆኖ ስለሚጻፍ ነው።

ጥያቄ ማቅረብ የሚችለው ማንም ሰው ነው። ማስረጃ ሊኖረው ግን ይገባል፤ ምልክቱ የሚገኝባቸው ገጾች ፎቶ፣ ስሙ፣ አገልግሎቱ፣ ማን እንደሚጠቀምበት። ድምፅ ከሚሰጡት አብዛኞቹ ትልልቅ የኮምፒዩተር ኩባንያዎች ናቸው፤ የኦማን የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስቴር ግን ለዓመታት ሙሉ አባል ሆኖ አብሯቸው ተቀምጧል። አንድ የሃይማኖት መሥሪያ ቤት ከእነማይክሮሶፍት ጎን መቀመጥ ከቻለ የእኛዎቹ የቤተ ክህነትና የእስልምና ተቋማት፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም የማይችሉበት ምክንያት የለም።

ብራናው እኛ ዘንድ ነው፤ ምልክቱን የሚያነቡት ሊቃውንትም በሕይወት ያሉት እኛ ዘንድ ነው። እነሱ እያሉ ጠይቆ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ መዝግቦ ማስቀመጥ ደግሞ ከማንም በፊት የጋዜጠኛ ሥራ ነው። ሠንጠረዡ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው፤ ያልነገርነውን ከየት ያመጣዋል?