የአፈ ሙዝ ሥርዓት፤ በዓለም ከተማና በመርሐ ቤቴ ስለ ጠመንጃ አያያዝ

መርሐ ቤቴ በሰሜን ሸዋ ውስጥ በጀማና በወንጪት ወንዞች ሸለቆዎች የተከበበ አገር ነው። ዋናው ከተማው ዓለም ከተማ ከአምባው ላይ የተቆረቆረ ሲሆን፣ በገበያ ቀን ከየቆላው ሽቅብ የሚወጣው ሕዝብ እህሉን ጭኖ፣ ከብቱን እየነዳ ይሰበሰብበታል። ከዚህም ሕዝብ መካከል ጠመንጃ ያነገተ ሰው ማየት ለአገሩ ተወላጅ እንግዳ ነገር አይደለም። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ሰው ጠመንጃን ንብረቱንና ድንበሩን የሚጠብቅበት መሣሪያ ብቻ ሳይሆን፣ በአደባባይ የሚታይበት የክብር ልብሱም አድርጎ ይቈጥረዋል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን የሸዋ አርበኞች በእነዚህ ገደላ ገደሎች መዋጋታቸው ይህን ክብር አጽንቶታል።

ጠመንጃ ከወንድነት ጋር ስላለው ዝምድና ቀደም ሲል ተጽፏል። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ ካጠና በኋላ በ1965 (እ.ኤ.አ.) «ሰምና ወርቅ» የሚለውን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳትሟል፤ ስለ ወንድነትም ለብቻው ጽፏል። እዚህ የሚመረመረው ግን ከዚያ ያነሰ የሚመስል፣ ነገር ግን የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ጥያቄ ነው። ይኸውም ሰው በተሰበሰበበት ቦታ የጠመንጃው አፈ ሙዝ ወዴት ይመለከታል? የሚለው ነው።

ስለ ቃላቱ

ሕዝብ ስለ አንድ መሣሪያ የሚናገርበት ቃል ስለ መሣሪያው ያለውን አሳብ ይገልጻል። ጠመንጃ የሚለው ስም ከቱርኮች «ታባንጃ» ጋር የሚዛመድ የውጭ ቃል ነው፤ የአገሬው ሰው ግን «ጠብ መንጃ» ብሎ ከፍሎ፣ ጠብ የሚነዳ ዕቃ አድርጎ ተርጕሞታል። የቧንቧው ጫፍ አፈ ሙዝ ሲባል «አፈ» ያለው አፍን ነው። ጥይት ሲገባበት ጎረሰ፣ ባለቤቱም አጎረሰው ይባላል፤ ይህም ሰው በማዕድ ላይ ለወዳጁ ጉርሻ ሲሰጥ የሚነገረው ያው ቃል ነው። እንግዲህ በአማርኛ አነጋገር ጠመንጃ አፍ ያለው፣ የሚጎርስ፣ የሚጮህ፣ ራሱን የቻለ ፍጡር ይመስላል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ባረቀ የሚለው ግሥ ነው። ጥይት ሳይታሰብ ሲወጣ «ጠመንጃው ባረቀ» ይባላል፤ ቃሉም ከመብረቅ ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ነው። መብረቅ ከሰማይ የሚወርድ ስለ ሆነ ተከሳሽ የለውም። «ጠመንጃው ባረቀበት» ሲባልም የድርጊቱ ባለቤት ጠመንጃው ነው፤ ሰውዬው ነገሩ የደረሰበት እንጂ ያደረገው ሆኖ አይነገርም። በዚህ ዓይነት ሰዋስው ጥፋቱን ከእጅ ላይ አንሥቶ ከብረት ላይ ይጥለዋል። ይሁን እንጂ ጠመንጃ ማንም ሳያጎርሰው አይባርቅም፤ ቢባርቅም አፈ ሙዙ ወደ ሰው ካልዞረ ሰው አያቈስልም። ያጎረሰውም ሆነ ያዞረው ሰው ነው።

ስለ ቦታው

አገሩ ስለ ጠመንጃ ሥርዓት የለውም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ወደ ቤተ መቅደስ መሣሪያ ይዞ መግባት ነውር ነው። ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ለዕርቅ ሲቀመጡ ባለ ጉዳዮቹ መሣሪያቸውን አኑረው ይቀርባሉ። በቀድሞ ዘመን መኰንን ሲጓዝ ጠመንጃውን በልባስ ሸፍኖ የሚከተለው ጋሻ ጃግሬ ነበረው። በዕድሜ የገፋ እንግዳ ከቤት ሲገባም ከቤተሰቡ አንዱ ብድግ ብሎ «ልያዝልዎ» ይልና ጠመንጃውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ከግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል፤ ወይም ከጥግ ያስደግፈዋል።

እነዚህ ሥርዓቶች ጠመንጃው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚይዘው ያስተምራሉ። ክብርንና ሰላምን ይጠብቃሉ፤ ሰው ተቈጥቶ ወደ መሣሪያው እንዳይቸኩልም ያዘገዩታል። ነገር ግን የተሠሩት ስለ ቍጣ ነው እንጂ ስለ ቸልተኝነት አይደለም። ከእንግዳው ትከሻ ወርዶ ወደ አስተናጋጁ እጅ እስኪተላለፍ ድረስ አፈ ሙዙ በምድጃው ዙሪያ በተቀመጡት ሴቶችና ሕፃናት ላይ ሊዞር ይችላል። ከጥግ የተደገፈ የጎረሰ ጠመንጃም ሰው ሲያልፍ በልብሱ ጠልፎት፣ ወይም ሕፃን ሲነካው ይወድቃል። አክብሮቱ ሳይጓደል አደጋው እዚያው እንዳለ ነው።

ዱላው ያወረሰው ልማድ

የደጋው ሰው መንገድ ሲሄድ ዱላውን ከማጅራቱ ላይ አጋድሞ ሁለቱን ክንዶቹን እንደ ቀንበር ያሳርፍበታል። ጠመንጃውንም እንዲሁ ይይዘዋል። ይህ አያያዝ ለረጅም ዳገት የሚመች፣ ትከሻን የሚያሳርፍ ነው፤ በጠባብ የገበያ መንገድ ላይ ግን አፈ ሙዙ ከጎን በሚሄደው ሰው ራስና ደረት ትክክል ይሆናል። ባለቤቱ ለሰላምታ ዞር ባለ ቁጥር አፈ ሙዙ በዙሪያው የቆሙትን ሁሉ ያዳርሳል። ሌላውም አያያዝ፣ ማለት በሰደፉ ላይ መሬት አስነክቶ በአፈ ሙዙ ላይ እጅን ወይም አገጭን ማሳረፍ፣ ከምርኩዝ የተወረሰ ነው። በዚህ ጊዜ አፈ ሙዙ የሚመለከተው ራሱን ባለቤቱን ነው።

ፈረንሳዊው ሊቅ ማርሴል ሞስ በ1934 (እ.ኤ.አ.) ባደረገው ንግግር፣ ሰው አካሉን የሚጠቀምበት መንገድ ከማኅበሩ የተማረው ጥበብ መሆኑን አስረድቷል። ለምሳሌም ያመጣው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ወታደሮች በፈረንሳይ አካፋ መቈፈር አቅቷቸው እንደ ነበረ ነው፤ ጉልበት አንሷቸው ሳይሆን እጃቸው ሌላ አካፋ የለመደ ስለ ነበረ ነው። የመርሐ ቤቴም ሰው ክንድ ጠመንጃን ከመያዙ በፊት ለብዙ ዘመናት ዱላ ይዟል፤ ጠመንጃው በዱላው ስፍራ ሲተካ አካሉ አዲስ ትምህርት አልተማረም። ዱላ ደግሞ ከርዝመቱ አልፎ ማንንም አይጎዳም። የጠመንጃ ርዝመት ግን ብረቱ ባለቀበት አያልቅም፤ ጥይቱ እስከሚደርስበት ድረስ ነው።

መሣሪያው ሲለወጥ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በብዛት ከገቡትና በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ካገለገሉት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነበር። ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የመጣ ነው። ይህ በ1874 (እ.ኤ.አ.) የወጣ መሣሪያ አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ ማቀባበያው ሲከፈት የጎረሰና ያልጎረሰ መሆኑ በዓይን ይታያል። ጥይቱም ውድ ስለ ነበረ ባለቤቱ ከዝናሩ የሚያወጣው ሊተኵስ ሲያስብ ነበር። ስለዚህ በገበያ መካከል በትከሻ ላይ የተጋደመ ውጅግራ ብዙውን ጊዜ አፉ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ቸልተኛው አያያዝ ለረጅም ዘመን በዚህ ድህነት ተጠብቆ ኖረ።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው ክላሽንኮቭ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ካዝናው 30 ጥይት ይይዛል፤ አንዱ ከወጣ በኋላ ተከታዩ በራሱ ይጎርሳል። በቀኝ ጎኑ ያለው ማርሽ ከላይ ሲሆን ይቈልፋል፤ ከመካከል ላይ በተከታታይ፣ ከታች አንድ በአንድ ያስተኵሳል። ከሁሉ የሚያሳስተው ካዝናውን መንቀል ነው። ብዙ ሰው ካዝናው ከተነቀለ ጠመንጃው ባዶ ሆነ ብሎ ያምናል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ከቧንቧው የገባው አንድ ጥይት በዚያው ተቀምጧል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል አፈ ሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፣ አስቀድሞ ካዝናውን መንቀል፣ ቀጥሎ ማቀባበያውን ስቦ የጎረሰውን ማስወጣት፣ በመጨረሻም ውስጡን በዓይን ማየት ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለት ማቀባበያው ካዝናው ሳይነቀል ከተሳበ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይጎርሳል።

ይህ ዕውቀት በተለይ በአውቶቡስ ጉዞ ላይ ያስፈልጋል። ከዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ወደ ጀማ በረሓ በብዙ ጥምዝ ይወርዳል፤ ተሳፋሪው ጎን ለጎን ተጠጋግቶ፣ በየጥምዙ እየተንገላታ ይሄዳል። በእንደዚህ ያለ ስፍራ የጎረሰ ጠመንጃ በጉልበት ላይ ማጋደም ጎረቤትን ሁሉ በአንድ ምላጭ ላይ ማስቀመጥ ነው።

በደስታና በሐዘን ስለሚተኰሰው

በሰርግ፣ በጥምቀትና በጀግና ለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ መተኰስ የቆየ ልማድ ነው። ፎካሪው እየዘለለ፣ ጠመንጃውን እየነቀነቀ የአባቶቹን ሥራ ሲዘረዝር ሕዝቡ ይከበዋል፤ ተኩሱም የንግግሩ ማሳረጊያ ይሆናል። ሰማይ ባዶ ስለ ሆነ ጉዳት የለበትም የሚለው አሳብ ግን ትክክል አይደለም። የክላሽንኮቭ ጥይት ከአፈ ሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የወጣውም ሁሉ ይመለሳል። አሜሪካዊው የጦር መኰንን ጁሊያን ሃቸር እንዳስረዳው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተተኰሰ የጠመንጃ ጥይት ሲመለስ በሰከንድ 90 ሜትር ያህል ፍጥነት ይኖረዋል፤ ይህም የራስ ቅልን ለመጕዳት ይበቃል። ዘንበል ተደርጎ የተተኰሰው ደግሞ ፍጥነቱን ይዞ ሩቅ ስለሚወርድ ከዚያ ይከፋል። የሚዘል ሰው አፈ ሙዙን ቀጥ አድርጎ ሊይዝ አይችልም፤ ጠላ የጠጣ እንደ ሆነ ደግሞ ይብሳል።

ስለ ይሉኝታ

አደጋውን የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከአፈ ሙዝ ፊት ዘወር የሚል ሰው ፈሪ ይባላል። ሁለተኛ፣ ወጣት ሽማግሌን፣ እንግዳ ባለቤትን ማረም ድፍረት ይሆናል። ስለዚህ ሁሉም አፈ ሙዙን እያየ ጨዋታውን ይቀጥላል። ነገር ግን ከላይ የተነገረው «ልያዝልዎ» የሚለው ቃል ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ነው። ወጣቱ ሽማግሌውን ሳያርም፣ እንዲያውም እያከበረ፣ መሣሪያውን ከእጁ ይቀበላል፤ አፈ ሙዙንም ወደ ጣራው ያቀናል። ወግ ከጥንቃቄ ጋር የተስማማበት መንገድ ይህ ነው።

ስለ ሕግና ስለ ዕርቅ

ባረቀ የሚለው ግሥ ምንም ቢል፣ ሕግ ሰውየውን ነፃ አያወጣውም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 19 ዛፍ ሲቈርጥ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበትን ሰው ጉዳይ ያነሣል፤ ፍትሐ ነገሥትም አስቦ የገደለውን ሳያስብ ከገደለው ይለያል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይህን ልዩነት ይዞ በቸልተኝነት መግደልን በወንጀልነት ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ እንዲቀጣ ያዛል፤ ከባድ በሆነ ጊዜም ቅጣቱን ከፍ ያደርጋል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ መሣሪያ መያዝን ከፈቃድና ከግዴታ ጋር አያይዞታል።

በሽምግልናም ቢሆን የባረቀ ጥይት ደም ደም ነው። የሟች ወገን «ባረቀበት» የሚለውን ቃል ወዲያው አያምንም፤ ቀድሞ የድንበር ወይም የከብት ጠብ ከነበረ ባረቀ የተባለው ሁሉ እንደ ሰበብ ይቈጠራል። ሽማግሌዎች ካሣ አስከፍለው፣ አማልደው ደሙን እስኪያደርቁ ድረስ የገዳይ ዘመዶች ገበያ ለመውጣት ይፈራሉ። እንዲህ በማንም ልብ ውስጥ ያልነበረ ጠብ በአንድ አፈ ሙዝ መዞር ይጀመራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው የትጥቅ ግጭት መሣሪያ ልምድ በሌለው ወጣት እጅ መግባቱ ጉዳዩን ይልቁን አስቸኳይ አድርጎታል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው

አሜሪካዊው የተኩስ መምህር ጄፍ ኩፐር ጥንቃቄውን በአራት ደንብ ጠቅልሎታል። ጠመንጃን ሁሉ እንደ ጎረሰ መቍጠር፤ ሊያጠፉት ወደማይፈልጉት ነገር አፈ ሙዝ አለማዞር፤ እስኪያነጣጥሩ ድረስ ጣትን ከምላጩ ማራቅ፤ የሚተኰስበትንና ከበስተ ኋላው ያለውን ማወቅ ናቸው። እነዚህ ደንቦች ከውጭ የመጡ ቢመስሉም መሠረታቸው በአገሩ ልማድ ውስጥ አለ። ጨዋ ሰው ቢላዋ ሲያቀብል እጀታውን ወደ ተቀባዩ፣ ስለቱን ወደ ራሱ ያደርጋል፤ ለሕፃንም ይህንኑ ያስተምራል። በጦር ዘመንም ቢሆን ባለ ጦር ከሰው መካከል ሲቆም ስለቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ነበር።

እንግዲህ ስለት ያለውን ነገር አቅጣጫውን ማየት ለመርሐ ቤቴ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። የጎደለው የጠመንጃ ስለት የማይታይ መሆኑን ማስታወስ ነው። የዕድር ሰብሳቢዎች፣ የሰርግ ሚዜዎችና የለቅሶ አስተናጋጆች እንግዳውን ተቀብለው ወንበር እንደሚያሳዩት ሁሉ፣ ጠመንጃውንም ተቀብለው፣ አፈ ሙዙን አቅንተው፣ ጥይቱን አውጥተው ከአንድ ስፍራ ቢያኖሩት ክብር የሚጓደልበት ሰው አይኖርም፤ ከግብዣውም ሁሉም በደኅና ወደ ቤቱ ይመለሳል።