እንግዳ እንስሳ ይዞ ወደ ውጭ አገር ስለ መሄድ

እንስሳን መውደድ የደግ ልብ ምልክት ነው። ነገር ግን ፍቅር ከሕግ የራቀ እንደ ሆነ ለወዳጁም ለተወዳጁም ጉዳት ያመጣል።

በመገናኛ ሰፈር የሚኖሩ አንድ የመንግሥት ሹም ለኤምባሲ ሥራ ወደ አውሮፓ እንዲሄዱ ታዘው ዕቃቸውን ሲያሰናዱ፥ ትንሿ ልጃቸው አጎቷ ከአዋሽ ቆላ ያመጡላትን ዔሊ አቅፋ፥ «አባባ፥ እርሷ ካልሄደች እኔም አልሄድም» ብላ አለቀሰች። አባትየውም ከመገናኛ እስከ ቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ መንገዱ አጭር፥ ዔሊዋም በቅርጫት የምትገባ ስለ ሆነች ነገሩ ቀላል መስሏቸው ነበር። ይህ አሳብ በብዙ ቤት የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ሕጉን ለአንባብያን መግለጥ ይገባናል።

በቀድሞ ዘመን አውሬ ከአገር ወደ አገር ይላክ የነበረው ለነገሥታት ገጸ በረከት ነው። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882፥ ለፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ለጁል ግሬቪ የሜዳ አህያ ልከው ነበርና፥ ሊቃውንት ያን ዓይነት የሜዳ አህያ እስከ ዛሬ በግሬቪ ስም ይጠሩታል።

ዛሬ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው። በ1965 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተፈረመው፥ በአጭር ስሙ ሳይተስ የሚባለው ውል፥ ሊጠፉ የሚያሠጉትን እንስሳትና ዕፀዋት ከአገር ወደ አገር ማሻገርን ይቈጣጠራል፤ ኢትዮጵያም በ1981 ዓ.ም. ገብታበታለች። አቦ ሸማኔ በውሉ በመጀመሪያው መዝገብ ተጽፏል፤ ከዱር ተይዞ ለንግድ ሊሻገር አይፈቀድም። የየብስ ዔሊዎችም ሁሉ ከመጀመሪያው ወይም ከሁለተኛው መዝገብ አይወጡም። ስለዚህ ዔሊ ከኢትዮጵያ ለመውጣት የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ፥ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ለመግባትም የዚያው አገር ፈቃድ ያስፈልጋታል። የሹመት ክብር ወይም የዲፕሎማት ፓስፖርት የዚህን ፈቃድ ስፍራ አይተካም። ደግሞም የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ በ1999 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 541 የተከለከለ ነው።

ውሻና ድመት እንኳ ከኢትዮጵያ ወደዚያ ሲሄዱ፥ አስቀድሞ ከቆዳቸው ሥር መለያ ማይክሮቺፕ ይገባል፤ ቀጥሎ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይሰጣል፤ ከ30 ቀን በኋላ ደማቸው ይመረመራል፤ ደሙ ከተቀዳ በኋላም 3 ወር ይጠበቃል። መንገደኛ ሁሉ ይህን አስቀድሞ ያስብ።

ይህ ጥብቅነት በከንቱ የተደረገ አይደለም። የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ከእናታቸው እየተነጠቁ በሶማሌላንድ ጠረፍ ወደ ዐረብ አገሮች በስውር ይሻገራሉ፤ ብዙዎቹም በመንገድ ይሞታሉ። ገዢ ባይኖር ነጣቂ ባልኖረም ነበር።

ሹሙ ይህን በተረዱ ጊዜ ዔሊዋን ሕጉ ወደሚያዝበት ወስደው አስረከቡ። ልጃቸውንም፥ «ልጄ፥ ዔሊ ቤቷን በጀርባዋ ትሸከማለች፤ አገሯን ግን መሸከም አትችልም» ብለው አጽናኗት። ልጅቱ ቢከፋትም ዔሊዋን በገዛ እጇ ሰጠች። ወላጆች ሁሉ ከዱር የመጣ እንስሳ ወደ ቤታቸው ሳይገባ፥ ልጅም ሳይለምደው፥ አስቀድመው እንዲያስቡ እናሳስባለን።