የጄራንየምን አበባ ለረጅም ጊዜ ስለ ማቈየት

በደጅና በመስኮት አጠገብ የሚቀመጠው ጄራንየም ለዓይን ደስ የሚያሰኝ፥ ለማሳደግም የማያስቸግር ተክል ነው። ነገር ግን አበባው ቶሎ እየረገፈ ቅጠሉ ብቻ ቀረ እያሉ የሚያዝኑ ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ በዚህ ነገር ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

የዚህ ተክል የትውልድ አገሩ ደቡብ አፍሪቃ ነው። የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1753 ከጄራንየም ወገን ቢቈጥረውም፥ ፈረንሳዊው ሌሪቲየ በ1789 ለይቶ ፔላርጎንየም ብሎታል። ሕዝቡ ግን የቀድሞውን ስም አልተወም። ጠባዩም ድርቅን ይችላል እንጂ ረግረግን አይችልም።

እኛም ይህን የተማርነው በጥፋታችን ነው። እናታችን ሲያርፉ ከእጃቸው አንድ የጄራንየም ማሰሮ ቀርቶልን ነበር። እንዳይጠወልግ ብለን በክረምት እንኳ ጧትና ማታ ብናጠጣው፥ ግንዱ ከሥሩ ጠቍሮ በሰበሰ። ደግነቱ ከጫፉ አንድ ጤነኛ ቅርንጫፍ ተርፎ ስለ ነበር፥ 10 ሳንቲሜትር ያህል ቈርጠን፥ የታችኛውን ቅጠል አራግፈን፥ ቍስሉ እስኪደርቅ ግማሽ ቀን በጥላ አቈይተን፥ አሸዋ በበዛበት አፈር ተከልነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላም ሥር ሰደደ። ዛሬ በመስኮታችን የሚያብበው የዚያው ልጅ ነው።

እንግዲህ የአያያዙ ሥርዓት ይህ ነው።

1ኛ፤ ማሰሮው ከታች ቀዳዳ ይኑረው፤ ተክሉም በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሓይ ያግኝ።

2ኛ፤ አፈሩን በጣት ዳስሶ ከላይ 2 ሳንቲሜትር ያህል ሲደርቅ ብቻ፥ ቅጠሉን ሳያረጥቡ ከሥሩ ማጠጣት ነው።

3ኛ፤ የጠወለገውን አበባ ራሱን ብቻ ሳይሆን ዘንጉን ከመነሻው ቀንጥሶ መጣል ያስፈልጋል። ተክሉ ዘር ወደ ማፍራት ከዞረ ኀይሉን ለዚያ ይሰጣልና፥ አዲስ እንቡጥ ማውጣቱን ያሳንሳል።

4ኛ፤ ፍግ ሲበዛ ቅጠል ይለመልማል እንጂ አበባ አይበረክትም።

5ኛ፤ በክረምት ከዝናብና ከበረዶ፥ በኅዳርና በታኅሣሥም ከደጋው ውርጭ መከለል ይገባል። ክረምቱ ሲያልፍ እየረዘመ የተራቈተውን ቅርንጫፍ ቢያሳጥሩት፥ አበባ የሚሸከም አዲስ ቡቃያ ያወጣል።

የተወደደ ነገር በቸልታ ብቻ ሳይሆን ከመጠን ባለፈ እንክብካቤም ይጠፋል። ስለዚህ አንባቢዎቻችን ውሃውን ከማንሣታቸው በፊት አፈሩን እንዲዳስሱ አደራ እንላለን።