ድፍረት ነው ወይስ ውል?

እዚህ ኮሎምበስ ያለን የሶፍትዌር ሰዎች ስንገናኝ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ «የካሊፎርኒያ ልጆች ደፋሮች ናቸው፣ የራሳቸውን ይከፍታሉ፤ እኛ ደሞዝተኛ ሆነን ቀረን»። እኔ ይሄን የድፍረት ነገር አልቀበልም። በእቁብ ገንዘብ የጭነት መኪና ገዝቶ የራሱን ሥራ የጀመረ ወገን እዚሁ ከተማ ሞልቷል። ገንዘብ የለም እንዳይባልም፣ ድራይቭ ካፒታልን የመሠረቱት ሁለቱ ሰዎች ከካሊፎርኒያው ሴኮያ ወጥተው ነው እዚህ የመጡት። ቪዛውም ቢሆን የሚያስረን ኦሃዮም ካሊፎርኒያም እኩል ነው።

እስቲ ስትቀጠሩ የፈረማችሁትን ወረቀት አውጥታችሁ እዩት። ብዙዎቻችን ውል ውስጥ፣ ከድርጅቱ ከወጣን በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ተወዳዳሪ ድርጅት እንዳንከፍት የሚከለክል አንቀጽ አለ። የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) እንዲህ ያለው ግዴታ ምክንያታዊ እስከሆነ ይጸናል፣ ከበዛም ዳኛ ሊያስተካክለው ይችላል ብሎ ወስኗል። ካሊፎርኒያ ግን ከ1872 ጀምሮ እንዲህ ላለው ውል ዋጋ አትሰጥም። ኖይስና ሙር በ1968 ፌርቻይልድን ትተው ኢንቴልን ሲከፍቱ በዚህ አንቀጽ የሚያስቆማቸው አልነበረም። (ያው ኢንቴል ዛሬ በራችን ላይ፣ ኒው አልባኒ፣ ፋብሪካ እየገነባ ነው፤ ቀኑ እየተገፋ 2030 ደረሰ እንጂ።)

ከሁሉ የሚገርመኝ የጎረቤታችን የሚሺጋን ታሪክ ነው። እሷም እንደ ካሊፎርኒያ ትከለክል ነበር። ስለ ንግድ ውድድር ያወጣችው ሌላ ሕግ በ1985 ሥራ ላይ ሲውል፣ ክልከላው ማንም ልብ ሳይለው አብሮ ተሻረ። በኋላ ተመራማሪዎች የፓተንት መዝገብ ሲያገላብጡ፣ ከዚያ ዓመት ወዲህ የሚሺጋን ፈጣሪዎች ከድርጅት ድርጅት መዘዋወራቸው ቀንሶ አገኙት። የሰዉ ድፍረት በአንድ ሌሊት ጠፋ ልንል ነው?

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 አንቀጹን በመላ አገሪቱ ለማገድ ደንብ አውጥቶ ነበር። ሥራ ላይ ሳይውል የቴክሳስ ፍርድ ቤት ሻረው፤ በ2025 ኮሚሽኑ ራሱ ይግባኙን ተወ። ስለዚህ ከዋሽንግተን የሚመጣ ነገር አትጠብቁ።

ዘንድሮ ተመርቃችሁ የቅጥር ደብዳቤ የምትጠብቁ ልጆች፣ ደሞዙን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። አንቀጹን ፈልጉት፣ ይውጣ ወይም ይጠር በሉ። መጠየቅ ነውር የሚመስለን አስተዳደጋችን ነው። እኔ አሁን ያለሁበት ቦታ ስቀጠር ጠይቄ ከአንድ ዓመት ወደ ስድስት ወር ወርዶልኛል፤ የተቆጣኝም የለም።