ብረቱና ሶሌታው ሲተሳሰሩ

ሁለት ጣውላ ተደራርቦ ሰው ቢቆምበት፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ይጎብጣል፤ በምስማር ሲጋጠም ግን እንደ አንድ ወፍራም እንጨት ይጠነክራል። በብረት ቢም ላይ የሚሞላ የኮንክሪት ሶሌታም እንዲሁ ነው። የምስማሩን ሥራ የሚሠራው ሸር ኮኔክተር ይባላል፤ በአብዛኛው አናቱ ሰፋ ያለ፣ ቢሙ ላይ በብየዳ የሚተከል አጭር የብረት ዘንግ ነው።

በሁሩታም ሆነ በአዳማ እንዲህ ያለ ሕንፃ የሚነድፍ መሐንዲስ የሚመራው በአገር አቀፉ ኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ አራተኛ ክፍል የብረትና የኮንክሪት ጥምር ግንባታን የሚመለከት ነበር። በ2015 የወጣው ተተኪው ደግሞ በአውሮፓ ደንብ ላይ የተመሠረተ ነው።

የኮኔክተሩ ጥንካሬ የሚለካው እንዴት ነው?

በአጭር ቢም ግራና ቀኝ ኮኔክተሮች ይበየዳሉ። ኮንክሪቱ በራሱ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ውጤቱን እንዳያዛባ የቢሙ ገጽ ግራሶ ይቀባል፤ ከዚያ በሁለቱም ጎን ሶሌታ ይሞላል። ኮንክሪቱ ሲጠነክር ማሽን ቢሙን ከላይ ወደ ታች ይገፋዋል። ጭነቱ መጀመሪያ ናሙናው ይሸነፍበታል ተብሎ ከሚገመተው 40 በመቶ ይደርሳል፤ ቀጥሎ በ5 እና በ40 በመቶ መካከል 25 ጊዜ ይመላለሳል፤ በመጨረሻም ናሙናው እስኪሸነፍ ቀስ በቀስ ይጨመራል።

ወይ ዘንጉ ይቆረጣል፣ ወይ በዙሪያው ያለው ኮንክሪት ይደቅቃል። መንሸራተቱም ይመዘገባል፤ 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ተንሸራቶ ጭነቱን የሚይዝ ኮኔክተር፣ ሳይሰበር ሸክሙን ለጎረቤቶቹ ማካፈል ስለሚችል ተመራጭ ነው። ሦስት ተመሳሳይ ናሙናዎች ተፈትነው ውጤታቸው ከተቀራረበ፣ ለስሌት የሚያዘው ከሦስቱ ዝቅተኛው፣ ያውም 10 በመቶ ተቀንሶለት ነው።