የውጭ ኩባንያ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲደግስ

የኢስት አፍሪካን ሆልዲንግና የዌስት ቻይና ሲሚንት የጋራ ንብረት የሆነው ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ የተመረቀው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። 600 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ በቀን 150 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ እንዲያመርት ታስቦ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ምረቃ በዜና ሲቀርብ የሚታየው ሪባን ቆራጩና ጭብጨባው ነው። ድንኳን ያስተከለው፣ ጄኔሬተር ያስመጣው፣ ለአስተርጓሚው ቦታ ያዘጋጀው፣ የእንግዳውን ቁጥር ከምሳው ጋር ሲያሰላ ያደረው ሰው ስሙ አይነሳም።

የድግስ አዘጋጅነት ሙያ የሚገባውን ክብር አላገኘም። ሠርግ የደገሰ ሁሉ የሚችለው ይመስለዋል። ደጋሹ የውጭ ኩባንያ ሲሆን ግን ወጪውን የሚያጸድቀው ሰው ቤጂንግ ወይም ዱባይ ተቀምጧል፤ እንግዳው ግን የአገር ሰው ነው። በሁለቱ መካከል የሚቆመው አዘጋጁ ነው።

ቪዛ በኢንተርኔት ይጠየቃል። የድምፅና የመብራት ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ከጉምሩክ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ግድ ነው፤ ድሮን ለማስነሳትም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። በመጥሪያው ላይ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍ። ይህን ደህና አዘጋጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ነገር የሚበላሸው ምሳ ላይ ነው።

ከውጭ የሚላከው የምግብ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ «ቬጂቴሪያን» የሚል መስመር አለው፤ ላኪው በዚያው ጾመኛውን ያስተናገደ ይመስለዋል። የቬጂቴሪያን ምግብ ግን ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ክሬም የገባበት ሾርባ ይኖረዋል። ለጾመኛ ይህ ከጥብስ አይለይም። ዓሣም መውጫ አይሆንም፤ በጾም የሚበላው እንዳለ ሁሉ ጨርሶ የማይነካው ብዙ ነው። ማብሰያውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሽሮው በዘይት ቢሠራም ጭልፋው ከቅቤ ወጥ የመጣ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ ድንቹ ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት ከወጣም እንዲሁ። ይህ ጸሐፊ በአንድ ኩባንያ ስብሰባ ላይ ብዙ ጾመኛ ሰላጣና ዳቦ ብቻ ይዞ ሲቀመጥ አይቷል። ዳቦው ወተት እንዳለበት የወጥ ቤቱ ሰው የተናገረው ግማሹ ከተበላ በኋላ ነበር። ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ እንግዳን እንዲህ ማስቀየም ያሳዝናል፤ ቀድሞ መጠየቅ ምንም አያስወጣም ነበርና።

ቀን ሲመረጥ ባሕረ ሐሳቡን ማየት ይገባል። በ2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም የአፍሪካ ጉባኤ ረቡዕ ግንቦት 1 ተከፍቶ ዓርብ ግንቦት 3 ተዘጋ። በሌላ ጊዜ ሁለቱም የጾም ቀን ናቸው፤ ያኔ ግን በዓለ ሃምሳ ስለነበር ፍስክ ነበር። በ2007 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፋይናንስ ጉባኤ የተጀመረው ሐምሌ 6፣ ጾመ ሐዋርያት በተፈታ ማግስት ነው፤ ቢሆንም በመካከሉ አንድ ረቡዕ ነበረበት። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የተደረገው የኢንተርኔት አስተዳደር ፎረም ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነበር። ፍስክ ነው ተብሎ የታሰበ የሦስት ቀን ስብሰባ ሁሉ ረቡዕን ወይም ዓርብን መንካቱ የማይቀር ነው ማለት ይቻላል። በዓቢይ ጾምማ 55 ቀን ሙሉ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስም አለ። ለእሱ ምሳው ተከድኖ ሊቆየው ይገባል፤ አስተናጋጁም «ለምን አይበሉም?» እያለ ባይጨቀጭቀው መልካም ነው።

በፍስክ ቀንም ሥጋው አንድ ዓይነት አይደለም። ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑ ያረደውን አይበላም። ስለዚህ ሁለት ገበታ፣ ሁለት ማንሻ፣ በየድስቱ ፊት በአማርኛ የተጻፈ ካርድ ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ካርድ ፋብሪካው ካለበት ከለሚ ገበሬ ማኅበር ለመጡት ሽማግሌ ምን ይጠቅማቸዋል?

ለሚን በመሰለ ቦታ ምግቡን ከአዲስ አበባ በሙከጡሪ መንገድ ጭኖ መውሰድ የተለመደ አማራጭ ነው። ሲደርስ ግን ሽሮው ረግቷል፣ እንጀራውም ደርቋል። የጾሙን ገበታ ለአካባቢው ባለሙያ ሴቶች መስጠት ይሻላል። ምስር ወጡን፣ ጎመኑን፣ ሱፍ ፍትፍቱን እዚያው ያደርሱታል፤ ቅቤ ያልነካው ድስት የትኛው እንደሆነም ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።